የአንደኛዋ ሻንጣ

በእኛ ወረዳ ከአስራ ሁለተኛ ክፍል አንደኛ ለወጣ ተማሪ የሚሸለመው ሻንጣ ነው። ሌላው ወረዳ መዝገበ ቃላት ይሰጣል፣ ሜዳሊያ ያጠልቃል፤ እኛ ጋ ሻንጣ ነው፣ ያውም ባለ ጎማ። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ ከደብረ ዘይት ተመድቤ ስመጣ ልማዱ ቆይቶ ጠበቀኝ። ደብረ ዘይት ስል ሰው ሁሉ ቢሾፍቱ እየመሰለው ስለ ሐይቁ ይጠይቀኛል። የእኔዋ የወንበራዋ ናት፤ ሐይቅም የላት፣ ጠያቂም የላት።

ሻንጣ የተሸለመ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል ማለት ነው። ይህን በወረዳችን የማያውቅ የለም። ፊደል ያልቆጠረ ሽማግሌም ሆነ ቀርከሃ ተሸክማ ወደ ገበያ የምታልፍ ሴት፣ መድረኩ ላይ ሻንጣ ከፍ ሲል ካዩ «አለፈ!» ይላሉ። አብሮ የሚሰጠውን የምስክር ወረቀት ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

የመምህራኑ ሽልማት እንዲህ ክብር ያለው አይደለም። ኮከብ መምህር የሚመረጠው በተራ ነው። መስፈርት አለ፣ ነጥብ ይሞላል፣ ኮሚቴ ይሰበሰባል፤ በመጨረሻ ግን እንደ ዕቁብ ተራው የደረሰው ይወስዳል። እንዲህ ሲሆን ማንም አይቀየምም። እኔም እንደ ሌላው ተራዬን ስጠብቅ ኖርኩ፤ ዘንድሮ ደረሰኝና አረፍኩት።

ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። የፊዚክስ መምህር ከጠፋ ወዲህ ፊዚክሱንም የምይዘው እኔ ነኝ። ካስተማርኳቸው ሁሉ ልቤን የወሰደችው አንዲት የበርታ ልጅ ነበረች፤ ቤታቸው ከወንዙ ማዶ ነው። ቤት በበርታ ታወራለች፣ ግቢ ውስጥ በአማርኛ፤ ፈተናው ደግሞ በእንግሊዝኛ። ጥያቄ ስጽፍ መጀመሪያ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ ፈገግ ብላ መሥራት ትጀምራለች። ሌሎቹ አንዴ የሚያነቡትን እሷ በሦስት ቋንቋ አገላብጣ ማንበቧ ያናድደኝ ነበር። በማን እንደምናደድ ግን አላውቅም።

ምኞቷ የመብራት ኢንጂነር መሆን ነው። ግድቡ ጉባ ላይ ቆሞ፣ እነሱ መንደር ልጆች አሁንም በእጅ ባትሪ ነው የሚያጠኑት። «መብራት ከዚህ ወጥቶ የት ነው የሚሄደው ቲቸር?» ብላ ጠይቃኝ ታውቃለች። እኔም ስለ ትራንስፎርመር አስረዳሁ፤ የጠየቀችኝ እሱን አልነበረም። ደብተሯን ሳርም በቀይ እስክሪብቶ «ጎበዝ!» ብዬ እጽፍላት ነበር። ሌላ ምን ልሸልም? አስተማሪ ከኪሱ የሚሸልመው ያንኑ ቃል ነው። ደብተሯ መጨረሻው ላይ ሲደርስ በ«ጎበዝ» ተጥለቅልቆ ነበር።

ፈተናውን የወሰዱት አሶሳ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው ነው። ስትመለስ ስለ ጥያቄዎቹ ጠየቅኳት፤ እሷ የምታወራው ስለ አልጋው ነው። «ፎቅ አልጋ ነው ቲቸር፤ እኔ ላይኛው ላይ ተኛሁ። ላይብረሪውን ግን በመስኮት ነው ያየሁት፣ ዘግተውት ነበር።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ስገባ አየዋለሁ» አለች።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ውጤቱ መጣ፤ ከትምህርት ቤታችን ያለፈ የለም። ከወረዳው ያለፈ የለም። ዳይሬክተራችን ቢሮውን ከውስጥ ቆልፎ ዋለ፤ መምህራኑ ማንጎው ጥላ ስር ተቀምጠን እንደ ለቅሶ ቤት ሰው መሬት መሬቱን እናያለን። ልጅቷ ከሁሉ በልጣ ነበር፣ ከወረዳው አንደኛ። ግን ግማሹን አልሞላችም። አንደኛ ወጥታ ወደቀች።

ሻንጣው ደግሞ ተገዝቷል። የመሥሪያ ቤት ሰው ይገባዋል፤ በጀት ሳይቃጠል በሰኔ ያልተገዛ ዕቃ አይገዛም። ቀይ ሻንጣ፣ ከነላስቲኩ፣ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ጥግ ክረምቱን ሙሉ ቆሞ ከርሟል። ሸላሚዎቹ ኮሚቴ ሆነን ተሰበሰብን።

«አንደኛ አንደኛ ነው» አለ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ። «ከክልል እንግዳ ጠርተናል። ባዶ መድረክ ልናሳያቸው ነው?»

«ሻንጣ የሚሰጠው ለሚሄድ ልጅ ነው» አልኩ። «ሌላ ነገር ስጧት፤ መጽሐፍም ይሁን። ሰው ይሳሳታል፣ ቤተሰቧ ይሳሳታል።»

«መምህርት፣ በምን በጀት? ያለው ሻንጣ ነው። ደግሞ የሪሜዲያል መግቢያው ነጥብ ገና አልተቆረጠም። ዝቅ ብሎ ቢቆረጥና ብትገባስ? ያኔ ሻንጣዋን ከለከላችኋት ልንባል ነው?»

 ለወደቁት የማካካሻ ዓመት መኖሩን አውቃለሁ፤ እኔም በልቤ የያዝኩት ያንኑ ተስፋ ነበር። የእኔን ሽልማት በተመለከተ፣ ተማሪ ባላለፈበት ዓመት ኮከብ መምህር መባል ነውር ነው ብዬ ተውልኝ አልኩ። ዳይሬክተራችን ሳቀ፤ «ተራሽን ካለፍሽ የሌላውን ተራ ታበላሺያለሽ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ከእኔ ቀጥሎ የነበረው መምህር ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

በዓሉ ጥቅምት ላይ ተደረገ። ድንኳን ተተከለ፣ የላስቲክ ወንበር ከየቢሮው ተሰበሰበ፣ ቀዝቃዛ የከርከዴ ጭማቂ በጆግ ዞረ። ከተሸላሚው ጋር ወላጅ አብሮ መድረክ ይወጣል። አባትየው ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፣ ጫማቸውን ወልውለው ነበር የመጡት። መድረክ መሪው «ከወረዳችን አንደኛ!» ብሎ ስሟን ጠራ። «አለፈች» አላለም፤ የዋሸ ሰው የለም። አባትየው ሻንጣውን ተቀብለው በሁለት እጃቸው ከራሳቸው በላይ አነሱት። እልልታው ድንኳኑን ሞላው። ልጅቷ ከጎናቸው ቆማ እኔን ትፈልግ ነበር፤ ዓይናችን ሲጋጠም አቀረቀረች።

ቀጥሎ እኔ ተጠርቼ ጋቢ አለበሱኝ። በዚያ ወበቅ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ የምስክር ወረቀት ይዤ ፎቶ ተነሳሁ። ጋቢውን ከመድረክ እንደወረድኩ ወደ ላስቲኩ መለስኩት፤ ከዚያ ወዲህ አላወጣሁትም።

አባትየው በሰው መሀል ፈልገው አገኙኝ። አማርኛቸው የገበያ ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም በወንድ ይጠራሉ።

«ሰላም አለይኩም ቲቸር! አንተ አስተማርከው፣ ልጄ ሻንጣ አገኘ! አልሐምዱሊላህ! መቼ ይሄዳል?»

ከኋላቸው ልጅቷ ራሷን በትንሹ ነቀነቀች፤ አትንገሪው ማለቷ ነው።

«ገና ጥሪ አልወጣም፤ ይጠብቁ» አልኳቸው።

«ኢንሻአላህ» አሉ። ፍየል አርደው ማዶውን ሁሉ አበሉ። በደስታ ቀን የሰው ልብ መስበር ከበደኝ፤ ነጥቡ ይቆረጥ፣ ምናልባት ትገባ ይሆናል፣ ያኔ የሚነገር ነገር አይኖርም ብዬ ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ነጥቡ ተቆረጠ። ኔትወርክ የሚገኘው በትምህርት ቤቱ ጀርባ ስለሆነ እዚያ ቆመን በስልኬ አየነው። ለጥቂት አምልጧታል። «ድገሚው ቲቸር» አለችኝ። ቁጥሯን እንደገና አስገባሁ፤ ያው ነው። «አንዴ ድገሚው» አለች። ደገምኩ። አላለቀሰችም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ቴክኒክና ሙያ ግቢ፣ እኔ አናግርልሻለሁ፣ በግልም ዳግም መፈተን አለ እያልኩ ለፈለፍኩ። ለአባትሽ ልንገርልሽ ስላት «እኔ እነግረዋለሁ» አለች። አመንኳት።

በታኅሣሥ አንድ የገበያ ቀን አባትየውን አገኘኋቸው። ከሩቅ እጃቸውን እያወዛወዙ መጡ።

«ሸኘነው!» አሉኝ። «ሰፈሩ በሙሉ መኪናው ድረስ ሸኘው! ሻንጣው ሞልቷል፤ ልብስ አለ፣ ኦቾሎኒ አለ። አሁን አሶሳ፣ ዩኒቨርሲቲ ነው!»

 ምናልባት እኔ የማላውቀው መንገድ ተገኝቶ ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩ፤ ሰው ሲጨንቀው የማያምነው የለም። «እንኳን ደስ አለዎት» አልኩ።

ለስልጠና አሶሳ ስሄድ ከመናኸሪያው በር አጠገብ አየኋት። ቀዩ ሻንጣ መሬት ላይ ተከፍቷል። በአንዱ ክዳን ካልሲ፣ ሶፍት፣ ማስቲካና የስልክ ቻርጀር ተደርድሯል፤ በሌላው ጥግ የፊዚክስ መጽሐፏና ደብተሯ አሉ። ስታየኝ ብድግ ብላ ቆመች፤ አስተማሪ ክፍል ሲገባ እንደሚቆሙት።

«ቁጭ በይ» አልኳት። 

«እየተማርኩ ነው» አለች ፈጠን ብላ። «ገበያ ሲቀዘቅዝ አነባለሁ። በግል እፈተናለሁ። አባቴ ሲደውል ከመስጊዱ አጥር ጀርባ ሄጄ ነው የማናግረው፤ እዚያ የረዳቶች ጩኸት አይሰማም። ክፍል ልገባ ነው ስለው ደስ ይለዋል።»

«እስከ መቼ?»

«ለሰው ሁሉ ተናግሯል እኮ ቲቸር። ሻንጣውን ሁሉም አይቷል። አሁን ወደቀች ቢባል በየት በኩል ገበያ ይወጣል?» ከዚያ እጄን ያዘች። «እንዳትነግሪው።»

ልቆጣት ፈልጌ ነበር። በየትኛው አፌ? ካልሲ ከእሷ ገዝቼ ተለየኋት።

ከዚያ ወዲህ አባትየው በማልፍበት መንገድ ሁሉ እየጠበቁ ይይዙኛል። ትምህርቱ እንዴት ነው? ማደሪያው ቀዝቃዛ አይደለም ወይ? ፎቅ አልጋው ላይ አይፈራም ወይ? ስለ አልጋው ነግራቸዋለች። ደህና ናት እላቸዋለሁ። እያነበበች ነው እላለሁ። ቤቴ ገብቼ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትን «ኮከብ መምህር» የሚል ወረቀት ሳይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረዋለሁ፤ አከራዬ ጠራርጋ ስትወጣ መልሳ ታዞረዋለች።

አሁን ሰኔ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች በጀት እንዳይቃጠል ሩጫ ላይ ናቸው፤ ትናንት ጽሕፈት ቤቱ ጥግ አዲስ ሻንጣ ቆሞ አየሁ፤ ዘንድሮ ሰማያዊ ነው። አባትየው ወደ አሶሳ እንደምሄድ ሰምተው ጎተራቸው ግርጌ የቀረውን ኦቾሎኒ በፌስታል ሞልተው ሰጡኝ። «ማታ ሲያጠና ይብላ» አሉ።

ዛሬ ወሰድኩላት። ከስታ አገኘኋት። አሁንም ብድግ ብላ ቆመች። ፌስታሉን ስትከፍት አሸተተችው፤ «የቤታችን ነው» አለች። ጥቂት ዘግና ለራሷ ወደ ኪሷ ከተተች፣ ቀሪውን ወደ ሻንጣው ገለበጠችው። በጥጉ መጽሐፉን ፈለግኩት፤ የለም። ስለ ፈተናው ምዝገባ ልጠይቃት አፌን ስከፍት አንድ ተሳፋሪ መጥቶ ኦቾሎኒ አለ።

እጇን ወደ ኋላዋ ሰዳ ወረቀት አወጣች፤ እንደ ጥሩምባ ጠቅልላ ሞላችለት። ሰውየው እየበላ ወደ አውቶቡሱ ሄደ። በሩ ጋ ሲደርስ የመጨረሻዎቹን ፍሬዎች አፉ ውስጥ አራግፎ ወረቀቱን ጭቃው ላይ ጣለው፤ ተዘረጋ። የሒሳብ ደብተር ገጽ ነው። ከቦታዬ ሆኜ ቀዩን ጽሑፍ አነበብኩት፤ የእኔ እጅ ነው፤ «ጎበዝ!» ይላል።

እሷም አይታዋለች።  ሌላ ሰው ኦቾሎኒ ሲል ሌላ ወረቀት ቀደደች።