በቅጹ ላይ ያልተጻፈው ፍጥነት

ጋሼ እርሳስ ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። በሳምንት ስድስት ቀን፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የማሽን ፋብሪካው ንድፍ ክፍል ይገባሉ፤ ሦስት እርሳስ ይቀርጻሉ፤ እስከ ምሳ አቀርቅረው ይሥላሉ። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው ባልደረቦቻቸው ናቸው። ገና ያልተወለደ ማሽን የሚፀነሰው በእሳቸው ወረቀት ላይ ነው፦ ክብደቱ የት ይረፍ፣ ስፕሪንጉ የት ይግባ፣ ንዝረቱን ምን ያብርደው።

ሰኞ ዕለት ይህንኑ የሚሠራ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጣ። ቅጽ ከተሞላለት፣ ክብደትን ከስፕሪንግና ከንዝረት ማብረጃ ጋር እያገጣጠመ፣ ሻይ ሳይቀዘቅዝ አርባ መነሻ ንድፍ ይዘረግፋል። የክፍሉ ኃላፊ ቀድሞ እሳቸው ሥራ ያስለመዷት መሐንዲስ ናት። ለሙከራ የመረጠችው እየተንቀጠቀጠ የሚነፋ የዱቄት ፋብሪካ ወንፊት ነበር፤ ቅጹን እንዲሞሉም ያዘዘችው ጋሼ እርሳስን ነው።

«የገዛ መቃብሬን ልቆፍር?» አሏት።

«ኧረ ጋሼ፣ አካፋውን እኛ እናቀብልዎታለን!» ብላ ሳቀች።

እሳቸው አልሳቁም። ዓርብ ተሠርቶ የሚሞከረው የፕሮግራሙ ወንፊት ካለፈ፣ እሳቸው ወደ መዝገብ ቤት እንደሚዛወሩ ሰምተዋል።

ረቡዕ ውጤቱን አገላበጡ። ራሳቸው ያሰቡት ንድፍ ከአርባው አሥራ ሰባተኛ ሆኖ ተቀምጧል! አንደኛ የወጣውና ዓርብ የሚሞከረው እጅግ ለስላሳ ስፕሪንግ አለው፤ በሥራ ፍጥነቱ ወለሉን ንቅንቅ አያደርግም። ሞተሩ ሲጠፋ ግን ፍጥነቱ እየወረደ ከስፕሪንጉ ከራሱ ንዝረት ጋር በሚገጥምበት አንድ ክፉ ነጥብ ማለፉ አይቀርም፤ እዚያ ላይ ወንፊቱ እንደ በቅሎ ይራገጣል። ፕሮግራሙ ይህን እንዴት ሳተው? ቅጹን አወጡ። «ፍጥነት» በሚለው ሥር በገዛ እጃቸው አንድ ቁጥር ብቻ ጽፈዋል። ማሽን ሲነሣና ሲቆም በየፍጥነቱ እንደሚያልፍ ለማን ይነገራል? በሠላሳ ዓመት አንድም ቀን ጽፈውት አያውቁም፤ እጃቸው ያውቀዋልና።

ዝም ቢሉስ? ፕሮግራሙ ይዋረዳል፤ ወንበራቸው ይተርፋል።

«አንተ ሰውዬ፣ ሾርባው ምን በደለህ? ታማስለዋለህ እንጂ አትጠጣውም» አሉ ባለቤታቸው እራት ላይ።

ጋሼ እርሳስ ነገሩን ለባለቤታቸው አጫወቷቸው።

«ታዲያ ዓርብ ሲራገጥ አጠገቡ የሚቆመው ማነው?»

ጋሼ እርሳስ ማሽን የሚሞክረውን ሠራተኛ ያውቁታል፤ ማሽኑን በመዳፉ ካልደባበሰ አያምንም።

ሐሙስ ጠዋት በቀጥታ ኃላፊዋ ቢሮ ገቡ። «ቅጹን ያጎደልኩት እኔ ነኝ» አሏት። ከዚያም «ሲነሣና ሲቆም» የሚል ረድፍ ጨመሩበት፤ ፈረሙበት፤ ፕሮግራሙ እንደ አዲስ እንዲያሰላ ሰጧት።