የቅዳሜው ዕጣ በኡም ራኩባ

የጄኔሬተር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ዛሬም ቅዳሜ ይመስለኛል። ሱዳን ውስጥ ባለው በኡም ራኩባ የስደተኞች መጠለያ ጄኔሬተሩ የሚነሣው ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነበር፤ ሲነሣም እናቴ ጨቅላ ወንድሜን ጌጡን አዝላ፣ እኔን እጄን ይዛ፣ የሕፃናት ወተት ወደሚታደልበት ድንኳን ትሮጥ ነበር።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ በኅዳር፣ ከጭልጋ ተነሥተን፣ አባታችንን መንገድ ላይ ቀብረን፣ በመተማ በኩል በእግራችን ሱዳን ገባን። በጥር የእናቴ ጡት ደረቀ። ወተቱ ከአርባው የጎጆ መደዳ ለስምንቱ ብቻ ይበቃ ስለነበር የየሳምንቱ ባለተራ በዕጣ ይለይ ነበር። በወረቀት ሲወጣ «ለዘመድህ አጣጥፈህ አወጣህ» የሚል ጠብ ስላስነሣ፣ አንድ ወጣት ፈረንጅ ከትንሽ ቴሌቪዥን ጋር የተያያዘ ኮምፒውተር አምጥቶ፣ ለጀማሪዎች በሚያስተምሩት የኮምፒውተር ቋንቋ ጥቂት ትእዛዝ ጽፎ፣ የመደዳዎቹን ቁጥር ማሽኑ ራሱ እንዲያወጣ አደረገ። «ማሽን ዘመድ የለውም» ተባለ።

ከጎንደር የመጡት መምህር ታደለ የሚወጣውን እያነበቡ ይጣሩ ነበር። ሰባት፣ ሠላሳ አንድ፣ አሥራ ዘጠኝ... የእኛ መደዳ አሥራ ሁለት ነበር።

የካቲት አልፎ ሐሩሩ ሲከር፣ ሰባተኛው መደዳ በየሳምንቱ ይወጣ ነበር። ዕጣ የእግዚአብሔር ነውና የሚከራከር አልነበረም፤ እንዲያውም አንድ ሽማግሌ «ሰባተኛ መደዳ ያላገባች ካለች ንገሩኝ» እያሉ ይቀልዱ ነበር። እናቴ አትስቅም። ጌጡ ሲወለድ ለማርያም ጃንጥላ ተስላ፣ ሳታስገባ ስለተሰደደች፣ «ምን በደልኩ አልልም፤ የምትቀጣው እኔን ነው» እያለች አቧራው ላይ ትሰግድ ነበር።

ኮምፒውተሩ በመጣ በስድስተኛው ቅዳሜ መምህር ታደለ «ሰባት» ሲሉ፣ እኔ «ሠላሳ አንድ» አልኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ማን ነገረሽ?»

«እርስዎ ነዎት። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሉት።»

እናቴ አፌን ያዘችኝ። እሳቸው ግን «ተያት፣ እስቲ ቀጥዪ» አሉኝ። የቀሩትን ስድስቱን በተርታ ጠራሁ፤ ቴሌቪዥኑ ላይም በዚያው ተርታ ወጡ። የፈረንጁ ፊት ቀላ።

መምህሩ ወዲያው የአርባውን መደዳ ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈው፣ ጣሳ ውስጥ ነቅንቀው አወጡ። አሥራ ሁለት ሦስተኛ ወጣ። እናቴ ሕዝቡን ጥሳ ገባች። ወተቱን በማንኪያ ሰጡት፤ ጌጡ መዋጥ አቅቶት በከንፈሩ ጥግ ፈሰሰ። ማክሰኞ ቀበርነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ጋዜጠኛ ሆኜ፣ በማታ ትምህርት ቤት ያንኑ የኮምፒውተር ቋንቋ ተማርኩ። ማሽኑ ጠፍቶ በተነሣ ቁጥር የዕጣ ቁጥሮችን ከአንድ ቦታ ጀምሮ በዚያው ተርታ እንደሚያወጣ፣ በየጊዜው አዲስ መነሻ እንዲይዝ የምታዝ አንዲት መስመር መቅደም እንዳለባት አስተማሪው አስረዳን። «ጀማሪ ሁሉ ይረሳታል» ብሎ ገጹን ገለጠ።

ያኔ እናቴ ለማርያም ስታለቅስ ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ የሚነግራት አልነበረም። ዛሬ ልነግራት እችላለሁ፤ እሷ ግን ጥፋቱን በራሷ ላይ እንደያዘች አርፋለች።