በግ ናት ያልኩ ቀን

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ባሌ ያውቃል፤ እዚያው ነበር። እሱም አንስቶት አያውቅም።

ሀያት የመጨረሻ ልጄ ናት። ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። ወልድያ የመረመራት ሐኪም ኦቲዝም ነው አለኝ፤ ወደ ከተማችን መርሳ ስመለስ ግን ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ሆኖ ጠበቀኝ። አንዷ ዱዓ አስደርጊላት ትለኛለች፣ ሌላዋ ዓይን ነው፣ ሌላዋ ደግሞ አቀብጠሻት ነው። ኤጭ! ታክቶኝ ነበር። አትናገርም፣ አትተኛም፣ ፀጉሯን ላበጥር ስል ትነክሰኛለች። ደስ የሚላት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ደጃፍ ላይ ያወለቀውን ጫማ በሰልፍ መደርደር። ከደረደረችው ላይ አንድ ጫማ የተነሳ እንደሆነ ጩኸቷ አስፋልቱን ይሻገራል።

ታላቅ እህቷን ዘይነባን የጠየቁ ሽማግሌዎች እሺታችንን ሊሰሙ ከግራና ከተማ መጡ። ሽማግሌ ደግሞ ዘር ያጣራል፤ በቤቱ ምን በሽታ አለ ይላል። ዘይነባ ሽማግሌ የላከውን ልጅ ትወደው ነበር። ሀያትን አይተው ቢመለሱስ? ይህን የምላችሁ ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም፤ ሰበብ የለኝም። ሀያትን ጓዳ አስገብቼ በሩን ከውጭ ቀረቀርኩት። እኔ ነኝ የቀረቀርኩት፤ ማንም አላዘዘኝም።

ገና ከመቀመጣቸው በሩን በተረከዟ ትደልቀው ጀመር። ድው፣ ድው። ታጉረመርማለችም።

"ምንድን ነው እሱ?" አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

"በግ ናት አባባ፤ ለእናንተው ያሰርናት" አልኩ።

"ኧረ ምነው ተቸገራችሁ! አላህ ይስጣችሁ፣ ቤታችሁ ይሙላ።"

አሚን አልኩ። ሰማችሁኝ? ልጄን በግ ብዬ፣ ለዚያውም የምትታረድ በግ ብዬ፣ ምርቃት ተቀበልኩባት። ምን ዓይነት እናት ነኝ? ባሌ ምንጣፉን ያይ ነበር።

ሠርጉ ተሠራ። ዘይነባም ግራና ወልዳ ከብዳለች፣ አልሐምዱሊላህ። አማቾቿ በኋላ ስለ ሀያት ሲሰሙ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "ታዲያ ምን አለበት? የአላህ ሥራ ነው።" ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ! የፈራሁት ነገር እንኳ አልነበረም። በባዶ ሜዳ ነው ልጄን የካድኳት።

ሀያት አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እንግዳ ሲመጣ ጫማውን ትደረድርና ማንም ሳይነግራት ጓዳ ገብታ በሩን ትዘጋለች። ድምጿ አይሰማም። ጎረቤቶቼ "ይኸው ዱዓው ሠራ፤ ጨዋ ሆነችልሽ" ይሉኛል። እኔ ግን ሄጄ "ነይ፣ ውጪ" እላታለሁ። እጇን ስስባት ትነክሰኛለች። እሰየው፣ ትንከሰኝ።

እናንተን አፉ በሉኝ አልልም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። የበደልኳት ጓዳ ውስጥ ናት፤ በሩንም ከውስጥ ይዛዋለች።