እግሩን ለዝንብ የዘረጋ ሰው

አማቼ፣ የታናሽ እህቴ ባል፣ በአሥራ ሦስት ዓመቱ ከወንድሞቹ ተለይቶ ከቤቱ ጓሮ በምትገኝ የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ብቻውን እንዲተኛ ተደረገ። ምክንያቱ እከክ ነበር። ቀንም ሌሊትም ያክ ነበር፤ ጥፍሩ አልበቃ ሲለው በገል ስባሪ ያክ ነበር። የቅልጥሙ ቆዳ እንደ ነብር ተዥጎረጎረ። በትምህርት ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገቡ የሚቀመጥ ሲጠፋ እሱም መሄዱን ተወ። በመነካካት የሚይዝ በሽታ አለመሆኑን ያኔ የሚያውቅ አልነበረም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የቀኝ ዓይኑ ብርሃን ጠፋ። አባቱ በዚያው መንገድ ታውረው ስለነበር ግራውም የሚተርፍ አልመሰለውም።

በዚያው ዓመት የጤና ጣቢያ ሰዎች ክኒን ይዘው መጡ። እከኩ ለቀቀው፤ የግራ ዓይኑ ተረፈ።

ሰዎቹ ነገሩን እንዲህ ብለው አስረዱ። በሽታውን የምታስተላልፈው በፈጣን ወንዝ ውስጥ የምትራባ፣ ጀርባዋ የጎበጠ ትንሽ ጥቁር ዝንብ ናት። ደም የምትጠጣው ሴቷ ብቻ ናት፤ ያለ ደም እንቁላሏ አይደርስላትም። የወባ ትንኝ በጨለማ መጥታ እንደ መርፌ ትወጋለች። ይቺኛዋ በቀን ትመጣለች፤ ቆዳውን ትቀድና ያቆረውን ደም ትልሳለች። ከታመመ ሰው ስትልስ ለዓይን የማይታዩ የትል ልጆች ትወስዳለች፤ ከቀናት በኋላ ሌላውን ስትነክስ ለዚያኛው ታስተላልፋቸዋለች። ክኒኑ የትሉን ልጆች ይገድላል እንጂ እናቲቱን አይገድልም። እሷ ከቆዳ ሥር ከአሥር ዓመት በላይ ስለምትኖር ክኒኑን በየዓመቱ መዋጥ ግድ ነው።

ዝንቦቹ ትል መያዝ አለመያዛቸውን ለማወቅ የሚይዛቸው ሰው አስፈለገ። አማቼ ተቀጠረ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ይሰበስባል። ዝንቧ እግሩ ላይ ስታርፍ፣ ገና ሳትነክሰው፣ በጠባብ ብልቃጥ ይከድናትና የብልቃጡን አፍ በጥጥ ይወትፋል። በየሰዓቱ ስንት እንደያዘ በመዝገብ ይጽፋል። ብልቃጦቹ ከተማ ወዳለው ላቦራቶሪ ይሄዳሉ። ሰዉ ስሙን ትቶ «ባለብልቃጡ» አለው።

«ሰው ዝንብ ያባርራል፣ አንተ ትጋብዛለህ!» ይለው ነበር ባለወፍጮው።

«ጠራኋት እንጂ መች አበላኋት!» ይላል እሱ።

እንዲህ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሠራ። እኔ አናጺ ነኝ፤ ፊደል የለየሁት በአርባ አራት ዓመቴ ከእሱ መዝገብ ላይ ስለሆነ ያን መዝገብ ማንበብ ልማዴ ነው። በመጨረሻው ዓመት ልጠይቀው ወንዙ ድረስ ወርጄ ገለጥኩት። ሁለት፣ አንድ፣ ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ። ደስ አለኝ።

«አለቀች ማለት ነው?»

«መዝገቡን የሚያየው ተቆጣጣሪ እንደዚያ ይላል። ሐሙስ ስብሰባ አለ። ዝንቧ ከሌለች በሽታውም አይተላለፍም ብለው ከዘንድሮ ጀምሮ ክኒኑ ይቆማል አሉ።»

ይህን እያወራን ቁርጭምጭሚቴ ላይ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ። ዝቅ ብዬ ባይ የደም ጠብታ አለ፤ ዝንቧ ሆዷ ተነፍቶ ልትነሣ ስትል በመዳፌ አጠፋኋትና አሳየሁት። መዳፌን ወደ ግራ ዓይኑ አስጠጋው። ያኔ እግሩን አየሁት። ከጉልበቱ በታች፣ መሃላቸው ላይ ደም የደረቀባቸው ቀያይ ነጠብጣቦች ሞልተውታል።

«አንተ ሰው፣ አታይም እንዴ?»

«ሰው አያለሁ፤ ድንጋዩን አያለሁ። እሷን ግን ሰባት ወር ሆነኝ ካየኋት። የዓይን ሞራ ሳይሆን አይቀርም። ስትነክስ ደግሞ አትሰማም፤ የሚያሳክከኝ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ዓይን የሌለው ባለብልቃጥ ምን ይሠራል?»

ለእህቴ ነገርኳት። ምላሷ ስለት ነው። «ክኒኑ ቆሞ የልጅ ልጆችህ በገል ሲያኩ የት ትገባለህ?» አለችው።

ሐሙስ በጤና ጣቢያው አዳራሽ ተሰበሰብን። ተቆጣጣሪው፣ ዕድሜው የልጁ የሚሆን ጨዋ ሰው፣ ቁጥሮቹን ሰሌዳ ላይ ጽፎ «ባለብልቃጡ አባታችን የደከሙበት ፍሬ ይኸው!» አለና አስጨበጨበለት። አማቼ ተነሣ። ወደ ፊት ሄዶ ጫማውን አወለቀ፤ ሱሪውን ሰብስቦ እግሩን ጠረጴዛው ላይ፣ ከመዝገቡ አጠገብ አስቀመጠ። ሰው ሳቀ።

«አባት፣ ምን ሆኑ?»

«ቁጠር ልጄ። ደም ያለባቸውን ብቻ፤ የትናንት ናቸው።»

ተቆጣጣሪው ጎንበስ ብሎ ጮክ እያለ ቆጠረ። አሥራ ሰባት ላይ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ አለ፤ ሳቁም ቆመ።

«መዝገቡ የትናንትን ስንት ይላል?»

«ባዶ።»

«እሷ አለች። ዓይኔ ነው ያላያት።»

«ይህን ካሉ እኮ ሥራዎ...»

«አውቃለሁ።»

ክኒኑ አልቆመም። ተቆጣጣሪው አልተቆጣም፤ ነገር ግን የሰባት ወር ምርመራ ገደል እንደገባ ፊት ለፊት ነገረው። እውነቱን ነው። በቦታው ማን ይተካ ሲባል እህቴ ብድግ አለች። «የሱን እግር ሠላሳ ሦስት ዓመት ስትለምደው ኖራለች፤ እስቲ ደግሞ የኔን ታሽትት!» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ሥራውን ግን አገኘች። በመጀመሪያው ወር ከላከቻቸው ዝንቦች መካከል ትል የያዘች ተገኘች።

አሁን ድንጋዩ ላይ የምትቀመጠው እሷ ናት፤ እሱ ከጎኗ ሆኖ ይመክራል።

«ጥላሽን አትጣይባት።»

«አንተ ዝም በል፤ ታስበረግግብኛለህ!»

ይህን ልጽፍ ስነሣ ከሕይወትህ ሁሉ የሚበልጥብህ የቱ ነው ብዬ ጠየቅኩት። የዓይኔ መትረፍ ይለኛል ብዬ ነበር።

«የያዝኳቸውን ዝንቦች ቁጥር ተወው» አለኝ። «'አላየሁም' ማለት ሲገባኝ 'የለችም' ብዬ ሰባት ወር መጻፌን ጻፍ። ከሥሩ ደግሞ ሐሙስ ዕለት እግሬን ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጤን ጻፍ። ከዚያ ሁሉ ዓመት ውስጥ የኔ የምለው ያንን ሐሙስ ነው።»