ዳገቱ ላይ የቀረው ታሪክ

ልጅ ሳለሁ፣ አራዳ በሚገኘው ግቢያችን መብራት በጠፋ ቁጥር የምንሰበሰበው አባባ ወልዴ ቤት ነበር። ጎረቤታችን አባባ ወልዴ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ጨለማው ለእሳቸው ምንም አልነበረም። እኛ ልጆቹ አንዲት ሻማ ከበን፣ የከሰሉ ፍም አመድ ሲለብስ እያየን፣ በጣሊያን ጊዜ የሆነውን እንሰማለን። ታላቅ ወንድማቸው የአርበኞችን ደብዳቤ ኮቱ ገበር ውስጥ ሰፍቶ ወደ ኬላው ይሄዳል። ወታደሩ በእጁ ይጠራዋል። እሳቸውም ሁልጊዜ እዚያ ላይ ያቆማሉ፤ «ቀሪው የሚነገረው ሐውልቱ ሥር ነው» ይላሉ። ያኔ «ይዘውት ይሆን?» እያልኩ እንቅልፍ አጣ ነበር።

በየዓመቱ ሚያዝያ ሃያ ሰባት እጃቸውን ይዘው አራት ኪሎ ሐውልቱ ጋ የሚያደርሷቸው ባለቤታቸው ነበሩ። ባለቤታቸው ያረፉ ዓመት ተራው የኔ ሆነ።

ከፒያሳ ቁልቁል ወርደን ድልድዩን እንደተሻገርን፣ ፖሊሶች መንገዱን ዘግተው ሰው ሲመልሱ አየሁ። ዓይነ ስውር ሽማግሌ ይዣለሁ ብል ምናልባት ያሳልፉን ነበር። እኔ ግን እንኳን ፖሊስ ባለሱቅ ለማናገር ላብ የሚያጠምቀኝ ልጅ ነበርኩ። አባባን ወደ ዳር ወስጄ፣ መዳፋቸውን የአንድ ግቢ የድንጋይ አጥር ላይ አኖርኩት።

«ደርሰናል፣ አባባ» አልኳቸው።

ባርኔጣቸውን አወለቁ። ድንጋዩን ቀስ ብለው ዳሰሱት። ታሪኩን እንዲጀምሩትም እንዳይጀምሩትም እየፈራሁ ጠበቅኩ። ባርኔጣውን መልሰው ደፉት።

«ቁልቁለቱን ወርደናል፤ ዳገቱን ግን አልወጣንም» አሉ፣ ሳይቆጡ።

እጃቸውን መልሼ ያዝኩ።

«ደክሞሽ ይሆናል፣ የኔ ልጅ። ለከርሞ እንጨርሰዋለን።»

ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ።

ዩኒቨርሲቲ ስማር ታክሲው በሐውልቱ ዙሪያ በዞረ ቁጥር መጽሐፌ ላይ አቀረቅር ነበር። ግቢያችን ዛሬ የለም፤ ጎረቤቱም ተበታትኗል። ባለፈው ሳምንት ግን ድልድዩ ጋ ከታክሲ ወርጄ ዳገቱን በእግሬ ወጣሁ። ቀርቤ ማየት እችል እንደሆነ ጥበቃውን ስጠይቀው ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «እለፊ፣ እህቴ» አለኝ።

ያን ያህል ብቻ ነበር። መዳፌን ድንጋዩ ላይ አሳርፌ ቆየሁ። መኪኖቹ ዙሪያዬን ይዞራሉ፤ ወንድምየው ግን አሁንም ኬላው ፊት ቆሟል፣ የወታደሩም እጅ እንደተነሣ ነው።