ከውስጥ እጀታ የሌለው መርከብ

«በግራይንደር እንዳትነኩት! ታቃጥሉኛላችሁ!» እያለ በያጁ ከብረት መርከቡ ውስጥ ላሜራውን በጡጫ ይደበድባል። ውጭ የፊልም ሰዎቹ ይተራመሳሉ። አንዱ መዶሻ ያነሳል፣ አንዱ ስልክ ይደውላል።

«ጋሼ፣ በሩ ተቀርቅሯል!» አለ ካሜራ ያዡ።

«ለቀባሪው አረዱት!»

የፊልሙ መብራት ሙቀት ላሜራውን አሳብጦት መቀርቀሪያው ነክሶ ቀርቷል። በር እምቢ ሲል ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው እሱን ነው፤ እሱ ደግሞ ውስጥ ነው።

መርከቡን የሠራው ራሱ ነው። ሠላሳ ዓመት በርና መስኮት ሲበይድ የኖረ ሰው፣ በስተእርጅናው ወደ ሰማይ የሚበር መርከብ ሥራ ተባለ። ያዘዘችው የእህቱ ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት በአምስት ዓመቷ ወስዶ ያሳደጋት፣ ዛሬ ፊልም ሠሪ ሆናለች። ታሪኩ ገና ስለሚመጣ ዘመን ነው፤ ምድር በውኃ ትሰጥማለች፣ የተረፉት በብረት መርከብ ሌላ ዓለም ፍለጋ ይሄዳሉ።

«ይሄማ የኖኅ ነው» አላት ስትነግረው።

«ነው እንጂ ጋሼ። እባብም አለ፣ ከሽቦ የተሠራ። የሚያድናቸው ሮቦትም ሞቶ በሦስተኛው ቀን ይነሳል።»

«ነፍስ የሌለው ነገር በምን ይሞታል? ባትሪው አልቆ?»

እየሳቀች ወደ በሩ ጉዳይ አለፈች። ከውስጥ እጀታ እንዳይኖረው አለችው።

«እጀታ የሌለው በር ሠርቼ አላውቅም። ሰው ያማኛል።»

«ምልክት ነው። ኖኅ በሩን ራሱ አልዘጋም፤ የዘጋበት እግዜር ነው ይላል መጽሐፉ።»

መጽሐፉ ካለ ምን ይባላል? ሠራው።

ዛሬ ጠዋት ሮቦቱን ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይ አንገቱን አስገብቶ አየና «እኔ በቁሜ ሬሳ ሳጥን ውስጥ አልገባም» ብሎ ሄደ። ለሮቦቱ ልብስ ቁመቱ ልክ የሆነው በያጁ ብቻ ነበር። ለእሷ እምቢ ማለት አያውቅበትም። ብርማውን ልብስ አጥልቆ ገባ፣ ዘጉበት።

አሁን በመተንፈሻዋ ቀዳዳ የልጅቷ አንድ ዓይን ብቻ ይታየዋል። ላቡ ዓይኑን ያቃጥለዋል፣ ክርኑን ማንሳት አይችልም።

«አይዞህ ጋሼ። እስከ መቶ ቁጠር፣ ሲያልቅ እንደገና ጀምር።»

ይቺን ንግግር ያውቃታል። የራሱ ናት። ያኔ ሥራ ሲሄድ ማን ይጠብቃታል ብሎ፣ ማንም እንዳይነካት ብሎ፣ ክፍሉን ከውጭ ይቀረቅርባት ነበር። «እስከ መቶ ቁጠሪ፣ ሲያልቅ እንደገና ጀምሪ፣ እመጣለሁ» ይላታል። የሚመጣው ሲመሽ ነው። በሩን ሲከፍት አታለቅስም። ጎበዝ ልጅ ብሎ በየሄደበት ይኮራባት ነበር።

«አንቺ» አላት በቀዳዳዋ፣ ድምፁ ተሰባብሮ፣ «ስንት ጊዜ ነበር የምትቆጥሪው?»

ዓይኗ ከቀዳዳዋ ላይ ጠፋ። «እሱን አሁን ተወው። የቱን እንምታ?» አለች።

«የማጠፊያውን ዘንግ። ከታች ወደ ላይ።»

ሦስቱን ማጠፊያ ነቅለው እሱን አወጡት። ተጨበጨበ። ካሜራ ያዡ «ልክ እንደ ትንሣኤ!» ብሎ ጮኸ። እሷ አላጨበጨበችም። ውኃ አቀበለችው። ግን በተቀረጸው ድምፅ ውስጥ የመዶሻ ጩኸት ስለገባ «ነገ አንዴ ብቻ እንድገመው፣ ጋሼ» አለችው። እሱም እሺ አለ። አፉ ለምዶበታል።

ሱቁ ተመልሶ ከቁራጭ ብረት እጀታ ቆረጠ፣ ጫፉን ሞርዶ አለሰለሰው። ከበሩ ውስጥ በኩል ከበየደው ምልክቷ ይፈርሳል። ካልበየደው ነገም እዚያው ገብቶ ይቆጥራል። የጠየቃትን አልመለሰችለትም፤ ደግሞ ቢጠይቃትና ብትመልስለትስ ምን ያደርጋል፣ ይቅርታ የሚባለውን ነገር ከየት ጀምሮ ይላታል?

እጀታው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። እስካሁን አልበየደውም። ነገ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም።