ከማል ማን ነው?

ከሁሉ በፊት ያየሁት የእስር ክፍሉን ወለል ነው። ጽዳት የሠራሁ ሰው ነኝና ዓይኔ ቀድሞ ወለል ያያል። መሃሉ ተወልውሏል፤ ጥጋጥጉን ግን ማንም አልነካውም።

እዚህ እስራኤል ውስጥ ለተገደለው የወገናችን ልጅ ሰልፍ ወጥተን መንገድ ስለ ዘጋን ነበር የተያዝነው። ሌሎቹ በማግስቱ ተፈቱ። እኔን ያስቀረኝ ቦርሳዬ ውስጥ ያገኙት ደብተሬ ነው።

ሃዳር ጋኒም በሚባለው ሰፈር እንግሊዝ አገር የተወለዱ አንዲት አሮጊት እንከባከብ ነበር። የሚሰሙት አንድ ሸክላ ብቻ ነው፤ አንድ ሰው በጊታር ረጅም ረጅም ዘፈን ያንጎራጉርበታል። አንዱ ዘፈን እስኪያልቅ ሽሮ ይበስላል። ማጫወቻው መንተባተብ ሲጀምር፣ የቆመ ቀን እኔ እንድዘፍንላቸው ብዬ ጆሮዬ የሰማውን በፊደላችን ጻፍኩት። እንግሊዝኛ አላውቅም።

መርማሪው አስተርጓሚ አስመጣ፤ የጎንደር ሰው፣ ሽማግሌ። ደብተሩን አነበቡና ፊደሉ የኛ ነው፣ ቋንቋው ግን የኛ አይደለም አሉ። የለዩት ነገር ቢኖር በየአንጓው መጀመሪያ የሚመጣውን ስም ነው። መርማሪው የዓረብ ስም ሲሰማ ቀና አለ።

"ከማል ማን ነው?"

ዘፈን ነው ስለው ሳቀ። ከማል የት እንደሚገኝ ንገሪኝና ወደ አሮጊትሽ ሂጂ አለኝ። እሳቸው ከእኔ እጅ ካልሆነ አይበሉም። አንድ ከማል ደግሞ አውቃለሁ፤ ኪርያት አርዬ ፋብሪካ አብሮኝ ያጸዳ የነበረ፣ ከባዱን ባልዲ ሁልጊዜ ከእጄ የሚቀበለኝ ሰው። አሳልፌ ልሰጠው ስሙ ምላሴ ላይ መጣ። ዛሬም አፍራለሁ።

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልጄ፣ ዘፈን ከሆነ ዝፈኚው" አሉኝ።

"እጄ ይፈታልኝ" አልኩ።

ፈቱኝ። ቆሜ ዘፈንኩ። መርማሪው መሃል ላይ "በሰደር፣ በሰደር፣ እሺ፣ ይበቃል" አለ።

"አላለቀም" አልኩት፤ እስከ መጨረሻው ዘፈንኩ። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። መርማሪው ከማልን ከወረቀቱ ላይ ሰረዘው።

መፈቻዬ እስኪፈረም አንድ ቀን ፈጀ። ስወጣ አሮጊቷ ሞተው ተቀብረዋል። በአይሁድ ሥርዓት ለቀብር ጸሎት የግድ የሚያስፈልገው አሥር ወንድ እንኳ አልተገኘም አሉኝ።

ቆይቶ ደብተሩን ለልጄ ሳነብላት ሳቀች። ከማል የሰው ስም አይደለም፣ በእንግሊዝኛ "ካም ኦል" ነው፣ "ሁላችሁም ኑ" ማለት ነው ብላ በዕብራይስጥ አስረዳችኝ።

ያን ዘፈን እስከ መጨረሻው የዘፈንኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። እሳቸው አልሰሙትም።